አዋጁ የፈቀደውን ማን ይነግረናል? የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የቅጅ መብት በሐዋሳ

ፈተና ሲቃረብ በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ግቢዎች ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አምሽተው ይሠራሉ። መምህሩ የሰጠው ሃንድአውት፣ ከወፍራም መማሪያ መጽሐፍ የተመረጡ ሁለት ሦስት ምዕራፎች፣ አልፎ አልፎም መጽሐፉ ራሱ ከሽፋን እስከ ሽፋን ተባዝቶና ተጠርዞ ይሸጣል። ማንም አይጠይቅም። በአንጻሩ በብዙ የአገራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ተመራማሪ ከተጠረዘ መጽሔት ውስጥ አንድ ጽሑፍ ልገልብጥ ቢል «አይፈቀድም» ይባላል። ለምን ብሎ ቢጠይቅ «የቅጅ መብት አለበት» ከሚል ሐረግ ያለፈ ማብራሪያ አያገኝም።

ደጅ ላይ ሕጉ የከለከለው ያለ ሥጋት ይደረጋል፤ ግቢ ውስጥ ሕጉ የፈቀደው በሥጋት ይከለከላል። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ጉድለት ነው፤ የቅጅ መብት አዋጁን አንብቦ ለተማሪውም፣ ለመምህሩም፣ ለአስተዳደሩም የሚያስረዳ ሰው በቦታው የለም። የሕግ ክፍሉ አለ ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሕግ ባለሙያ በንባብ አዳራሽ አይውልም፤ ተማሪውም ምዕራፍ ለመገልበጥ ብሎ የሕግ ክፍልን በር አያንኳኳም። ጥያቄው በየቀኑ የሚመጣው ወደ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የተቋሙን የቅጅ መብት ፖሊሲ ከሚያረቁት ሰዎች አንዱ ሊሆን ይገባል እላለሁ። የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት ማስተማርም በትርፍ ሰዓት የሚደረግ ውለታ መሆኑ ቀርቶ መደበኛ ሥራው ሊሆን ይገባል። ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው የሚኖሩ አይመስለኝም፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

አዋጁ ውሳኔውን የሰጠው ለማን ነው?

ዛሬ የምንመራበት ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ከእርሱ በፊት ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በነበሩ ጥቂት አንቀጾች ነበር። አዋጁ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና ከእርሱ የመጠቀም መብት፣ ይሰጣል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው በጭምጭምታም ቢሆን ያውቀዋል። ያልታወቀው ቀጥሎ የሚመጣው፣ ለአንባቢ የተተወው ድርሻ ነው።

አንቀጽ 11 ለማስተማር ዓላማ የታተመ ሥራን ማባዛትን ይፈቅዳል። መባዛቱ ከተገቢ ልማድና ዓላማው ከሚጠይቀው መጠን ማለፍ የለበትም፤ በተቻለ መጠንም ምንጩና የደራሲው ስም መጠቀስ አለባቸው። አንቀጽ 12 ደግሞ የተጻፈው ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተ መዛግብት፣ ለሙዚየምና ለመሳሰሉት ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ነው። አንድ ሰው ለጥናት ወይም ለግል ምርምር ሲጠይቅ ቤተ መጻሕፍቱ አንድን የታተመ ጽሑፍ ወይም ከአንድ ሥራ አጭር ክፍል ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ ሊሰጠው ይችላል። የጠፋን፣ የተበላሸን ወይም ከአገልግሎት ውጭ የሆነን ቅጂም፣ በተገቢ ሁኔታ ሌላ ማግኘት ካልተቻለ፣ በማባዛት ሊተካ ይችላል።

«አጭር ክፍል» ስንት ገጽ ነው? አዋጁ ቁጥር አያስቀምጥም። ጠያቂው የሚፈልገው በእርግጥ ለጥናት መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ቤተ መጻሕፍቱ። መባዛቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ፣ ቢደጋገምም እርስ በርሱ ያልተያያዘ መሆን አለበት ይላል፤ ይህንን የሚከታተለውም ቤተ መጻሕፍቱ ነው። መጽሐፉ «በተገቢ ሁኔታ» ይገኛል ወይስ አይገኝም ብሎ የሚወስነውም እርሱ። እንግዲህ ሕግ አውጪው ልብ ብሎትም ይሁን ሳይለው፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ትንሽ ዳኛ አድርጎታል። ዳኛው ግን ሕጉን አልተማረም፤ ከአለቆቹም የጽሑፍ መመሪያ አልተሰጠውም። ያልሠለጠነ ሰው በእንዲህ ያለ ወንበር ሲቀመጥ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «አይፈቀድም» ማለት ከተጠያቂነት ያድናል። ባለሙያውን መውቀስ አልፈልግም። ሥልጣን ሰጥተን ዕውቀቱንና ከለላውን የነፈግነው እኛ ነን።

የመተካት ፈቃዱን ብቻ እንውሰድ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግቢ የተወሰነ ተቋም አይደለም። ከዋናው ግቢ ሌላ የግብርና፣ የጤና ሳይንስና የቴክኖሎጂ ግቢዎች አሉት፤ ከከተማው ወጣ ብለው ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም ያለው አዋዳና በንሳ ዳዬ አሉ። እንደ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ቢቋቋምም፣ የግብርና ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅም ከእርሱ ብዙ አያንስም። ከዚያ ዘመን የመጣ የአፈር ጥናት ወይም የደን መማሪያ ዛሬ በገበያ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በየትኛውም የአገራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው ደግሞ በፈተና ሰሞን ተማሪ በምላጭ ቆርጦ የወሰዳቸውን ገጾች ያውቃል። በአንዱ ግቢ የጎደለው ምዕራፍ በሌላው ግቢ ካለ ቅጂ ተባዝቶ ቢሟላ አዋጁ አይቃወምም፤ ፈቃዱ የተጻፈው ለዚሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ የጎደለውን መጽሐፍ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ስልክ ያነሳል።

የዴልሂው ፎቶ ኮፒ ቤት

ደጅ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተመለከተ ከሕንድ የሚጠቅመን ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ተባብረው፣ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሠራውን ራሜሽዋሪ የተባለ ፎቶ ኮፒ ቤትና ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ለክሱ ምክንያት የሆነው በመምህራን የንባብ ዝርዝር መሠረት ከተለያዩ መጻሕፍት የተውጣጡ ምዕራፎች ተጠርዘው ለተማሪ መሸጣቸው ነበር። መጻሕፍቱ ለፎቶ ኮፒ የሚወጡት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ክሱን ውድቅ አደረገ። ይግባኙን ያየው ችሎት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንዳንድ የፍሬ ነገር ጥያቄዎች እንዲጣሩ ቢመልስም፣ ለማስተማር እስካስፈለገ ድረስ ማባዛት ይቻላል የሚለውን ዋና ሐሳብ አጸና። አሳታሚዎቹም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ክሱን ተዉት።

የሕንድ ሕግ የእኛ ሕግ አይደለም፤ በእነርሱ የተፈረደውም የሐዋሳን ፎቶ ኮፒ ቤት አያድንም። ትምህርቱ ያለው ክርክሩ በቆመበት መሬት ላይ ነው። እዚያ ያሸነፈው የንባብ ዝርዝር ያለው፣ በመምህር የተመረጠ፣ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የምዕራፎች ስብስብ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ዓይነቱ ስብስብና ሙሉ መጽሐፍን ጠርዞ መሸጥ ተደበላልቀው አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ባለ ሱቁም ልዩነቱን የሚነግረው ሰው አላገኘም። መምህሩ የሚፈልጋቸውን ምዕራፎች ለቤተ መጻሕፍቱ ቢያስታውቅ፣ ባለሙያው መጠኑን ቢመዝን፣ ምንጩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሰፍር፣ ከዚያ ለተማሪው ቢደርስ፣ አንቀጽ 11ን መሠረት አድርጎ የሚቆም አሠራር ይኖረን ነበር። ለትርፍ የሚሠራ ሱቅ በዚህ አንቀጽ ሥር ይጠለላል ወይ የሚለው አከራካሪ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ማባዛቱ ራሱ በተቻለ መጠን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቢመለስ የምመርጠው።

እዚህ ላይ በመምህራን ክበብ ደጋግሞ የሚነሳ መከራከሪያ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ከሆነች ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆናትም፣ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ ሥራ እንዲጠብቁ ከሚያስገድደው ከበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች። አዋጁ በቀጥታ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያውያንንና የነዋሪዎችን ሥራ፣ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ የታተመውን ነው። ስለዚህ «የውጭውን መጽሐፍ ብናባዛ ማን ይከሰናል?» ይባላል። የሚሉት በችግር ነው፤ እረዳቸዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ለተማሪ ቀርቶ ለተቋሙም የሚቀመስ አልሆነም።

ሆኖም መከራከሪያው ጎዶሎ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚጠቀምባቸው የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች በውል የመጡ ናቸው፤ ውሉ የበርን ስምምነት ኖረም አልኖረም ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በጤና ዘርፍ በሂናሪ የተጀመረውና ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ግብርናን፣ አካባቢን፣ ቴክኖሎጂንና ሕግን የጨመረው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት እጅግ ብዙ መጽሔትና መጽሐፍ ያለ ክፍያ ይከፍታል። በዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪምና በበንሳ ዳዬ የሚማር ተማሪ እኩል የሚያነቡት ከዚህ ነው። የይለፍ ቃሉ በቴሌግራም ቡድን ከተለጠፈ፣ ወይም አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሙሉ የመጽሔት ዓመታትን ካወረደ፣ አሳታሚው መስመሩን በተቋሙ ሁሉ ላይ ሊዘጋው ይችላል። አንድ ሰው ባጠፋው ሐኪሙ የሚታከም ሰው ፊት ቆሞ መረጃ ያጣል። ይህን አስቀድሞ የማስረዳት ኃላፊነት የማን ነው? ውሉን የሚያውቀው የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላው ገጽታ ነው። አዋጁ አጥብቆ የሚጠብቀው የአገሩን ደራሲ ነው፤ በተግባር ከሁሉ በላይ የሚዘረፈውም እርሱ ነው። በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የጻፈ ሰው መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ወይም በብድር ያሳትማል፤ ወረቀት ተወድዷል፣ የማተሚያ ቤቱ ወረፋ ረዝሟል። መጽሐፉ ገበያ ላይ በወጣ በሳምንታት ውስጥ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር ያገኘዋል። ለትልቅ የውጭ አሳታሚ ይህ በሒሳቡ ላይ የማይታይ ጉዳት ነው። ለአገሩ ደራሲ ግን ሁለተኛ መጽሐፍ የመጻፍና ያለመጻፍ ጉዳይ ነው። የቅጅ መብትን ለተማሪ የምናስተምርበት መንገድም ከዚህ ቢጀምር ይሻላል፤ ከዛቻና ከእስራት ይልቅ፣ ተማሪው በአካል ሊያገኘው ከሚችለው ደራሲ።

የመረጃ አጠቃቀም ክህሎትና የቅጅ መብት አንድ ላይ ለምን?

አንድ ተማሪ ያገኘውን ፋይል ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጻፈው፣ የትኛው እትም እንደሆነ ካልጠየቀ፣ የመብቱን ጉዳይም ሊጠይቅ አይችልም። «ይህ የማን ነው?» እና «ይህን ማመን እችላለሁ?» የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት ያንኑ ገጽ በመመርመር ነው፦ የደራሲ ስም፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ፈቃድ። ደራሲውን ማክበር የለመደ ተማሪ ምንጭ ይጠቅሳል፤ ምንጭ መጥቀስ የለመደ ደግሞ ምንጭ የሌለውን ወሬ ይጠረጥራል። ሁለቱን ትምህርቶች ለሁለት ክፍል ማከፋፈል ሁለቱንም ያዳክማል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ከመጣ ወዲህ «የመውጫ ፈተና ጥያቄዎች»፣ «አጭር ማስታወሻ»፣ «ሞጁል» እየተባሉ የሚሰራጩ ፋይሎች ስም የለሽ ናቸው። ማን እንዳዘጋጃቸው፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተቀዱ፣ መልሱን ማን እንዳረመው አይታወቅም። ተማሪው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያጠናል፤ የተሳሳተውንም አብሮ ያጠናል።

ይህ ሳያንስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አዲስ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፦ ተመራማሪው ርዕስ፣ ደራሲ፣ መጽሔት፣ ቅጽና ገጽ የያዘ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም። ማሽኑ ቀጥሎ ሊመጣ የሚመስለውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ስለሆነ ማጣቀሻውንም እንዲሁ ገምቶ ይሠራዋል፤ መልኩ የእውነተኛ ማጣቀሻ መልክ ነው። ባለሙያው ርዕሱን በመጽሔቱ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ መለያ ቁጥሩን ይሞክራል፣ ደራሲው በዚያ ጉዳይ ጽፎ እንደሆነ ያጣራል፤ ሐሰቱ በደቂቃዎች ይገለጣል። ይህን የማጣራት ልማድ ለአንድ ክፍል ተማሪ ለማስተማር አንድ ከሰዓት ይበቃል። ለዚያ ከሰዓት ግን በትምህርት ዕቅዱ ውስጥ ቦታ የለም።

ቦታ ሊገኝ ይችላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ነው። ስለ ክርክር ስሕተቶች የሚያስተምር ኮርስ የተሳሳተ ማጣቀሻን ስለመለየት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢጨምር ከዓላማው አይወጣም፤ እነዚያን ክፍለ ጊዜዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ቢያስተምር ደግሞ ተማሪው ለአራትና አምስት ዓመት የሚመለስበትን ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ያውቃል። አሁን በብዙ ቦታ የሚደረገው አዲስ ተማሪን በቡድን ሰብስቦ መደርደሪያዎቹን ማስጎብኘት ነው። ጉብኝቱ አይጎዳም፤ ትምህርት ግን አልለውም።

መምህራንም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለማዕረግ ዕድገት የምርምር ጽሑፍ ማሳተም ግዴታ በሆነበት ሥርዓት፣ «በሳምንት ውስጥ እናትምልዎታለን» እያሉ በኢሜይል የሚጋብዙ አጭበርባሪ መጽሔቶች ገበያ ያገኛሉ። እነዚህን መጽሔቶች ለዓለም ያጋለጠው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር የሚሠራው ጄፍሪ ቢል የተጠርጣሪ አሳታሚዎችን ዝርዝር ለዓመታት ሲያወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከድረ ገጽ አነሣው። ዝርዝሩ ብዙ ሰው አድኗል፤ በታዳጊ አገሮች የሚታተሙ ደካማ ግን ሐቀኛ መጽሔቶችን ከአጭበርባሪዎች ጋር ደባልቋል ተብሎም ተተችቷል። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ዝርዝር ይዘጋል፣ ያረጃል፣ ይሳሳታል። መጽሔቱ የሚገመገመው በማን እንደሆነ፣ የአርታኢ ቦርዱ አባላት በእርግጥ አባል መሆናቸውን፣ የሚያስከፍለው ዋጋ አስቀድሞ መገለጹን አብሮ የሚያጣራ ባለሙያ በግቢ ውስጥ መኖሩ ግን አያረጅም። ብዙ ታማኝ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ የማሳተሚያ ክፍያን እንደሚተዉ ሳያውቁ በዶላር ለመክፈል የሚሯሯጡ መምህራንም አሉ። አንድ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ያ ገንዘብ ይድን ነበር።

በእንሰት ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የት ነው?

የፖሊሲው ጉዳይ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤቱ በአገር አቀፉ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻና በየተቋማቱ ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ከጊዜውም የቀደመ ነው።

አሁን አንድ ተመራማሪ በሲዳማ ገበሬ ማሳ ላይ ስለ እንሰት አጠውላጊ በሽታ ሁለት ዓመት አጥንቶ ጽሑፉን ለውጭ መጽሔት ላከ እንበል። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ አንድ ቅጽ ይመጣለታል፤ ደስታው ሳይበርድ ሳያነበው ይፈርማል። በቅጹ ላይ የኢኮኖሚ መብቱን ሙሉ በሙሉ ለአሳታሚው አስተላልፏል። ከዚያ በኋላ የታተመውን ገጽ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ማስቀመጥ አይችልም፤ የራሱ ተማሪዎች ጽሑፉን ለማንበብ ክፍያ ይጠየቃሉ፤ ማሳውን የፈቀደው ገበሬና የግብርና ባለሙያው ጭራሽ አያገኙትም። በሌላ በኩል አዋጁ በቅጥር ሥራ ላይ ለተፈጠረ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ነው ይላል። ታዲያ ተመራማሪው የፈረመው የራሱን መብት ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲውን? ይህን የሚመልስ የጽሑፍ ፖሊሲ በሌለበት ተቋም ውስጥ ጥያቄው መልስ የለውም።

አብዛኞቹ አሳታሚዎች የታተመውን ገጽ ቢከለክሉም፣ ደራሲው ከግምገማ በኋላ ያጠናቀቀውን የራሱን ረቂቅ፣ አንዳንዴ ከጥቂት ወራት ቆይታ በኋላ፣ በተቋሙ ማከማቻ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከመፈረሙ በፊት ቅጹን አብሮት ያነባል፣ ረቂቁን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ የሚከፈትበትን ቀን ይመዘግባል። አገር አቀፉ ፖሊሲ በተግባር የሚፈጸመው ወይም የሚከሽፈው በዚህ ትንሽ ምክክር ነው። ፖሊሲው የሚጠይቀውን ሥራ የሚሠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ በሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ወንበር የለውም፤ ወንበሮቹ የምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ የሕግ ክፍሉ፣ የቴክኖሎጂ ሽግግሩ ናቸው። ደብዳቤው ከጸደቀ በኋላ «ተግባራዊ ይደረግ» ተብሎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመራል።

በአህጉራችን የተለየ ልምድ አለ። በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ዴኒስ ኒኮልሰን ለረጅም ዓመታት የመምህራንና የተማሪዎችን የቅጅ መብት ጥያቄ መመለስን ሙያዋ አድርጋ ሠርታለች፤ በአገሪቱ የቅጅ መብት ሕግ ማሻሻያ ክርክር ውስጥም የቤተ መጻሕፍትን ወገን ወክላ ተሟግታለች። የደቡብ አፍሪካው ማሻሻያ ራሱ ብዙ ተንገላቷል፤ ፓርላማው ካጸደቀው በኋላ ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መርተውታል። ነገር ግን ክርክሩ ሲደረግ አንባቢውን የሚወክል፣ አንቀጹን በቁጥር ጠርቶ የሚናገር ሰው ነበር። እኛም የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረት አለን። ሥራው ከጋራ የመረጃ ቋት ግዥና ሥልጠና አልፎ በሕግ ረቂቅ ላይ አስተያየት ወደ መስጠት ቢያድግ ጊዜው ነው።

በተለይ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባ አንድ የተፈቀደ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ማየት ለተሳናቸውና በሌላ ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽነት የተደረገውን የማራካሽ ስምምነት በ2013 ዓ.ም. ተቀላቅላለች። ስምምነቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ተቋማት መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ሌላ ተደራሽ ቅርጽ እንዲለውጡና ከሌሎች አባል አገሮች ተቋማት ጋር እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ማየት የተሳነው የሕግ ተማሪ በሐዋሳ ጓደኛው እያነበበለት የሚቀዳበት ድምፅ ሕጋዊ በሆነ፣ በተደራጀና ለቀጣዩ ዓመት ተማሪ በሚቀመጥ ስብስብ ሊተካ ይችላል። በየዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ እንደ አዲስ ማንበብ አያስፈልግም።

ፈቃዱ የሚያልቅበት ሁኔታ

ከአንቀጽ 12 አንድ ቅድመ ሁኔታ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቻለሁ፤ ወደፊት ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀን እርሱ ስለሚመስለኝ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢ ጽሑፍ አባዝቶ የመስጠት ፈቃዱ የሚጸናው፣ የጋራ የማባዛት ፈቃድ (በብዙ ባለመብቶች ስም በአንድነት የሚሰጥ ፈቃድ) ሊሰጥ የሚችልና ተቋሙ የሚያውቀው አስተዳዳሪ ድርጅት እስካልተገኘ ድረስ ነው። የ2007ቱ ማሻሻያ ደግሞ ለጋራ አስተዳደር ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። እስካሁን ስለ ሮያሊቲ፣ ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ ስለሚከፈለው ገንዘብ፣ ሲነሳ ጎልቶ የሚሰማው የሙዚቃው ዘርፍ ነው። የመጻሕፍትና የፎቶ ኮፒ ተራ በደረሰ ቀን ግን ቤተ መጻሕፍት ዛሬ በነፃ ያላቸው ፈቃድ ወደሚከፈልበት ፈቃድ ሊለወጥ ይችላል።

ለደራሲዎቻችን ክፍያ መድረሱን አልቃወምም፤ እደግፈዋለሁ። ጥያቄው ተመኑ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። በተማሪ ቁጥር ይሁን በገጽ? ትንሽ የግል ኮሌጅና ብዙ ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ በምን ይለያዩ? ክፍት ፈቃድ ያላቸውና የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ጽሑፎች ከሒሳቡ ይወጣሉ? የተሰበሰበው ገንዘብ በእርግጥ መጽሐፉ ለተገለበጠው ደራሲ ይደርሳል? እነዚህን ለመደራደር ምን እንደሚባዛ፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ በምን መጠን፣ ለየትኛው ትምህርት እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ከሌለ ተመኑ በግምት ይወጣል፤ ግምቱንም የሚያወጣው ከፋዩ አይሆንም። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በማባዣ ክፍሉ ደብተር ከፍቶ የአንድ ሴሚስተር ጥያቄዎችን ቢመዘግብ ሥራው ይጀመራል፤ ለዚህ ከዩኒቨርሲቲው የሚፈለገው አንድ የፈቃድ ደብዳቤና ለባለሙያው የሚመደብ ሰዓት ነው።